ሰኞ እንነጋገራለን

ካርቱም ውስጥ «ሐበሻው» ነበርኩ፤ አዲስ አበባ ስመጣ «ሱዳኑ» ሆንኩ። አሁን ለምጄዋለሁ፤ ሁለቱም ስም አያስከፋኝም። ይህ የማጫውታችሁ ነገር በደረሰብኝ ጊዜ ግን አንድ ሰው «ሱዳኑ» ብሎ ሲጠራኝ ጆሮዬ ውስጥ የሚገባው «አንተ የኛ አይደለህም» የሚል ነበር። ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ሰው ሆደ ባሻ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝም ቁጡ ነኝ።

እናቴ የነፋስ ስልክ ልጅ ናት። በወጣትነቷ ለሥራ ሱዳን ሄዳ አባቴን አገባችና እዚያው ኦምዱርማን ቀረች። እኔንና ታላቅ ወንድሜን ኢድሪስን በዐረብኛ እያባበለች፣ በአማርኛ እየተቆጣች ነው ያሳደገችን። ለዚህ ይሆናል እስከ ዛሬ አማርኛ ስናገር የምቆጣ የሚመስለው። እሷም አባታችንም ካለፉ በኋላ ኢድሪስ ወላጅ ሆነኝ። ሰርግ ለሰርግ እየዞረ የሚጫወት ትንሽ ባንድ ነበረው፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየያዘ ኪቦርድ ያስተማረኝም እሱ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ እኔ ወጣሁ። እሱ «ቤቱን ለማን ትተን?» ብሎ ቀረ።

አዲስ አበባ እንደደረስኩ መጀመሪያ የሄድኩት የእናቴን ዘመዶች ፍለጋ ነፋስ ስልክ ነበር። የምታወራልን ሰፈር ፈርሷል፣ ሰዎቹም ተበትነዋል። ስለዚህ ላፍቶ ወርጄ ጋሽ በየነ የሚባሉ ሰው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራየሁ። መንገድ ዳር ያለውን ክፍል ሱቅ አደረግኩት። ሥራዬ የሰርግ ባንድ መምራትና ስፒከር፣ ማይክራፎን፣ ሚክሰር ማከራየት ነው። በሩ ላይ «ሁለቱ ወንድማማቾች ባንድና ሳውንድ» ብዬ አጻፍኩ። ሁለተኛው የታለ ለሚለኝ ሁሉ «መንገድ ላይ ነው» እላለሁ። ያኔ ገና ከኦምዱርማን አልተነሳም ነበር፤ እኔ ግን ለሱ የሚሆን አልጋ ገዝቼ ከአልጋዬ ትይዩ ዘርግቼ ነበር።

ጋሽ በየነ በማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ሲነፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው። እኔ የውጭ ዜጋ ስለሆንኩ የንግድ ፈቃዱ የወጣው በሳቸው ስም ነው። የሱቁ ስልክም በሳቸው ስም ስለሆነ ከኪሳቸው አይለይም። ሲጠራ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ምን እንታዘዝ?» ይላሉ። ደንበኛው ከሁለቱ አንዱ እሳቸው ይመስሉታል።

በዚያ ሳምንት ልቤ ሁለት ቦታ ነበር። አንደኛው የኦቦ ቱፋ ልጅ ሰርግ ነው። ኦቦ ቱፋ ላፍቶ ገና የጤፍ ማሳ ሳለ ጀምሮ የኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ከተማው እስከ በራፋቸው መጥቶ ቤት አከራይ ቢያደርጋቸውም ዛሬም ላሞቻቸውን አልተዉም። የሱዳን ዘፈን እንዲኖር የፈለጉት ራሳቸው ናቸው። እንደዚያ ያለ ትልቅ ሰርግ ይዤ አላውቅም ነበር፤ ካማረልኝ ሰፈሩ ሁሉ እኔን እንደሚጠራ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ኢድሪስ ነው። በመጨረሻ ልቡ ተሸንፎ ከኦምዱርማን ተነሳ። በሳምንቱ መጀመሪያ ከገዳሪፍ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ትንሽ ትኩሳት እንዳለበትና ሲሻለው ወደ መተማ እንደሚሻገር ነገረኝ፤ ከዚያ ሳል እያቋረጠው ወደ ሙዚቃ ገባ። እናታችን የምትወደው አንድ ዘፈን አለ፤ እኔ ስጫወተው እፈጥናለሁ። «ያሲን፣ የእማማን ዘፈን እንደ ሌባ አትሩጥበት» አለኝ። «ቀስ በል። ማንም አያባርርህም።»

ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ኔትወርክ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ በዚያ በኩል ኔትወርክ መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያም ሆኖ ሚክሰሩን እየፈተሽኩም፣ ገመድ እየጠቀለልኩም ስልኬን አያለሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀሞ ሄድኩ። ድራመራችን ምናሴ እዚያ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚኖረው። የሰርጉን ዘፈኖች ቅደም ተከተል ተጨቃጨቅን፤ እኔና ምናሴ አንነጋገርም፣ እንጨቃጨቃለን እንጂ። በታክሲ ስመለስ ግቢው በር ላይ ጋሽ በየነና ሱሩር ቆመዋል። ሱሩር ከግቢያችን ጎን ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ነው፤ ሳዑዲ ሠርቶ ስለተመለሰ ከኔ ጋር ዐረብኛ ለመናገር ሰበብ አያጣም። ያን ዕለት በአንድም ቋንቋ አልተናገረኝም። ሲያዩኝ ወሬያቸውን ቆረጡ። ሱሩር ወደ ሱቁ ገባ፤ ጋሽ በየነም ደኅና ገባህ አሉኝና መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

ደንበኛ ደውሎ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ማንም አልደወለም አሉ። ስልኩን ልየው ስላቸው ቻርጅ ላይ ነው ብለው ወደ ቤታቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ያንን ስልክ ሽንት ቤት ሲሄዱ እንኳን የማይለዩት ሰው ናቸው።

አመሻሽ ላይ ስፒከሮቹን ለመፈተሽ ድምፁን ከፍ አደረግኩ። የጋሽ በየነ ሚስት እትዬ አስካለ በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ ግድግዳውን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች፤ የድምፄ መለኪያ እሷ ናት። ድብደባው ሲጀምር ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ። ያን ዕለት ጨመርኩ፣ አሁንም ጨመርኩ፣ ግድግዳው ዝም አለ። ነገሩ አላማረኝም። ድምፁን አጥፍቼ ወጣሁና ከሱሩር ሱቅ ኋላ በኩል ንግግር ሰማሁ።

«እስከ ሰኞ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» ይላሉ ጋሽ በየነ።

«የሱን ነው እኮ የምንከለክለው» አለ ሱሩር። «እኛ ዘንድ ይሄ አይደረግም።»

«ገብቶኛል። ሰኞ አልኩ፣ ሰኞ ነው።»

እግሬ እዚያው ተተከለ። በዚያች ቅጽበት አእምሮዬ የሄደበትን ልንገራችሁ። አንድ የማውቀው የመናዊ ነበር፤ ዳቦ ቤቱን፣ ፈቃዱ በስሙ የወጣው ሰው ነጠቀው ሲባል ሰምቻለሁ። የሰው አገር ነው፤ ማስረጃህ ሁሉ የሌላ ሰው ስም ነው። የስልኩ መደበቅ፣ ሹክሹክታው፣ «የሱን ነው የምንከለክለው» መባሉ፣ ሁሉም ገጠመልኝ። ሰርጉን አጫውተውኝ፣ ስሙን አስገንብተውኝ፣ ሰኞ ሊያስወጡኝ ነው አልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለኢድሪስ ያዘጋጀሁትን ባዶ አልጋ እያየሁ፣ ወንድሜ ሲመጣ ምን ብዬ እቀበለዋለሁ ስል አደርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ነበረን። ምናሴ መጥቶ ሰላም ሲለኝ እጄን ከወትሮው አስረዝሞ ያዘ። የመጀመሪያውን ዘፈን እንቀይረው አልኩት፤ እሺ አለ። መልሰን እንደ ድሮው እናድርገው አልኩ፤ አሁንም እሺ አለ። ሆን ብዬ የማይረባ ሐሳብ አመጣሁ፣ በሱም ተስማማ። ድራመሬንም ገዝተውታል አልኩ በሆዴ። ቀና ብዬ ሳየው የድራሙን ብሎን እያጠበቀ ነው፤ የጠበቀውን ብሎን።

የዙሁር፣ የቀትሩ ሰላት አዛን ሲል ሱሩር መጣ። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መስጊድ የምገባው ከስንት አንዴ ነው፤ ሱሩርም ይህን ስለሚያውቅ ወቅሶኝ አያውቅም። ዛሬ ግን አብረኸኝ ሂድ አለኝ። ሥራ እንዳለብኝ ነገርኩት። አንተን ሳልይዝ አልሄድም አለ።

«አንድ ሰው በሩቅ አገር ሞቷል» አለኝ በዐረብኛ። «በሌለበት እንሰግድለታለን። ና፣ ከኛ ጋር ቁም።»

«ሰውየውን አውቀዋለሁ?»

«ሙስሊም ነው። ይበቃሃል።»

ሬሳው ለሌለ ሰው መስገድ በኛ በኩል የተለመደ አይደለም፤ እዚህ እንደሚያደርጉት ሰምቼ ነበር እንጂ ቆሜበት አላውቅም። ክርክር ስለሰለቸኝ ብቻ ተከተልኩት። ግዴታው ሰላት ካበቃ በኋላ ለሟቹ ሊቆሙ ሲሰለፉ ወደ ኋላ ልቀር ስል ሱሩር ክንዴን ይዞ ከኢማሙ ጀርባ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ አቆመኝ። አራቱን ተክቢራ፣ «አላሁ አክበር»ን፣ አብሬ አልኩ። ልቤ ግን እዚያ አልነበረም። የጀነሬተሩ ነዳጅ፣ የጋሽ በየነ ተንኮል፣ የነገው መንገድ ይመላለስብኛል። ስንወጣ የማላውቃቸው ሰዎች እየመጡ ጨበጡኝ። ስግደቱ እንዲህ ነው እንግዲህ ብዬ አለፍኩት።

ከሰዓት በኋላ መቻል አቃተኝ። ጋሽ በየነ ግቢ ውስጥ የክት ጫማቸውን እየወለወሉ ነበር። ሄጄ ከፊታቸው ቆምኩ።

«ጋሽ በየነ፣ ሱቁን ልትወስዱብኝ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ።»

ቡርሹ እጃቸው ላይ ቀረ። የሚክዱ፣ የሚቆጡ ወይም የሚስቁ መስሎኝ ነበር።

«ሰኞ እንነጋገራለን» አሉ።

«ለምን ሰኞ?»

«ያሲን፣ ሰኞ እንነጋገራለን አልኩህ።» ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤ እኔ ደግሞ የኅሊና ወቀሳ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ተመልሼ ገባሁና ለኢድሪስ ረጅም የድምፅ መልእክት ላክሁለት። ቶሎ ና፣ ብቻዬን ሊበሉኝ ነው አልኩት። መልእክቱ አንድ ጭረት ብቻ አሳየኝ፤ አልደረሰውም ማለት ነው።

እሑድ በጠዋት ዕቃ ስንጭን ጋሽ በየነ ሱፋቸውን ለብሰው መጡ። ሰርግ ላይ ተከትለውን አያውቁም። ከዚያም ብሶ ከባዱን ስፒከር ከእጄ ሊቀበሉኝ ይታገላሉ። እርስዎ ይተዉት ስላቸው «ዛሬ እኔ ልያዝልህ» አሉ። ዕቃውን ከወዲሁ ሊቆጥሩ ነው አልኩ በልቤ፤ ሰይጣን እኔ ላይ ሰፍሮ ነበር መሰለኝ።

ሰርጉ ግን አማረ። ከኦቦ ቱፋ ቤት ጎን የተተከለው ድንኳን ጢም ብሎ ሞላ፤ ከጓሮ ላሞቹ ድምፃችንን ሲሰሙ ይጮሃሉ፣ ሰውም ይስቃል። በኦሮምኛም በአማርኛም በጉራጊኛም አስጨፈርን። ኦቦ ቱፋ ዱላቸውን ይዘው ሲገቡ ሽማግሌ ወጣት ሳይል ሁሉም ተነሣ። ንዴቴ ለጊዜው ተረሳኝ። ተራው የሱዳን ዘፈን ሲሆን የእናቴን ዘፈን አወጣሁ። ስልኬን ለጋሽ በየነ ሰጠሁና ይቅረጹኝ፣ ለወንድሜ እልከዋለሁ አልኳቸው። ስልኩን ተቀበሉኝ።

ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ኢድሪስ እንዳለኝ፣ ማንም እንደማያባርረኝ ሰው። ከኋላዬ ምናሴ ዱላዎቹን ጥሎ በእጁ መዳፍ ብቻ፣ የሚያስተኛ ያህል ለስለስ አድርጎ ይመታል። ይህን አልነገርኩትም፤ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ያን ዘፈን በሕይወቴ እንደዚያ ተጫውቼው አላውቅም። ስጨርስ ወደ ስልኩ አይቼ በሙሉ ጥርሴ ሳቅሁና በዐረብኛ «ሰማኸኝ? አልሮጥኩም» አልኩ። ጋሽ በየነ ስልኩን መለሱልኝና ከድንኳኑ ወጡ። ደከማቸው አልኩ። ቪድዮውን ወዲያው ላክሁት። አንድ ጭረት።

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ በሬ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። ግቢው ሞልቷል። ጋሽ በየነ ከፊት፣ ሱሩር ከጎናቸው፣ እትዬ አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ምናሴ፣ ከኋላ የእድሩ ሰዎችና የመስጊዱ ሽማግሌዎች። የተዘቀዘቀ ነጠላ ምን ማለት እንደሆነ ማንኛችሁም ታውቃላችሁ። እናቴም ነግራኝ ይሆናል። እኔ ግን ከዓርብ ጀምሮ ሌላ ነገር ስጠብቅ ነበርና ሰው ሰብስበው ሊያስወጡኝ የመጡ መሰለኝ።

አልጠበቅኩም፤ ጮህኩ። ሰፈሩን ሁሉ ምን አመጣው፣ አንድ ሱዳናዊ ለማስወጣት ይህ ሁሉ ሰው አስፈለገ ወይ አልኩ። ቁልፉን አውጥቼ ጋሽ በየነ እግር ሥር ወረወርኩት። ፈቃዱም ያንተ፣ ስልኩም ያንተ፣ ውሰድ አልኳቸው፤ አንቱታውን እንኳን ረስቼ። ማንም አላቋረጠኝም። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ጋሽ በየነ ጎንበስ ብለው ቁልፉን አነሱና እጄ ላይ መልሰው አስቀመጡት። እጄንም አልለቀቁም።

«ልጄ፣ ቁጭ በል።»

ቁጭ አልልም አልኩ። ሱሩር ቀረበኝ። በዐረብኛ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀውን፣ ሁላችንም የአላህ ነን ወደሱም ተመላሾች ነን የሚለውን ቃል አለ። ከዚያ በላይ አላስፈለገም። ከመጀመሪያው የሰማሁ ያህል፣ ስሙን ሳይጠራልኝ «ኢድሪስ?» አልኩ። «እሱ ነው» አለ።

የሆነው እንዲህ ነው። ትኩሳቱ ገዳሪፍ ላይ ጠንቶበት ዓርብ ንጋት ላይ ዐረፈ፤ በዚያው ዕለት ቀበሩት። አብሮት የነበረው ጓደኛው ዑስማን የላክሁለትን የሱቃችንን ካርድ ፎቶ ኢድሪስ ስልክ ላይ አግኝቶ፣ ካርዱ ላይ ወዳለው ቁጥር ደወለ። ጋሽ በየነ እንደ ልማዳቸው «ምን እንታዘዝ?» አሉት። ዑስማን በዐረብኛ እያለቀሰ መለሰላቸው። ነገሩ ስላልገባቸው ስልኩን ይዘው ወደ ሱሩር ሮጡ። ሱሩር አሁኑኑ ይነገረው አለ፤ ጋሽ በየነ አይሆንም አሉ። ዘመድ የሌለው ሰው ነው፣ መጀመሪያ ሰው ይሰብሰብለት፣ ሰርጉም ይለፍለት፣ መርዶ በወጉ ይነገር አሉ። ለምናሴም ቅዳሜ ጠዋት ነገሩት።

ይህን ሁሉ ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ አይደለም፤ ንዴት ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት በዚያው ሰዓት ይነገራል፤ ሐዘን ላይ የሚቀመጠው ደግሞ ሦስት ቀን ነው። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ወንድሜ አፈር በለበሰ በሦስተኛው ቀን እኔ ክራቫት አስሬ ስስቅ፣ ስዘፍን ነበር። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ሦስቱን ቀን ሰረቃችሁኝ» አልኳቸው። «ሐዘኔ አለቀ እኮ። በምን ልቀመጥ? አለቀ።»

ጋሽ በየነ የሦስቱን ቀን ነገር እንደማያውቁ ከፊታቸው ታየኝ። ሱሩርን ዞር ብለው አዩት፤ ሱሩር አንገቱን ደፋ።

«እኛ ዘንድ ልቅሶ የሚጀምረው ሰውየው ከሞተበት ቀን አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ከተረዳህበት ቀን ነው። የአንተ አንደኛ ቀን ዛሬ ነው። ሰው ይህን ብቻውን ቆሞ መስማት የለበትም ብዬ ነው፣ ልጄ። አጥፍቼም ከሆነ በዚህ ነው ያጠፋሁት።»

ያኔ ሱሩር ወደ ጆሮዬ ተጠጋና ተናገረ።

«አደራውን ማፍረስ አልቻልኩም። ዝም ማለትም አልቻልኩም። ቅዳሜ የሰገድክለት ሰው ኢድሪስ ነው።»

የወደቅኩት በዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን በቅጡ አላስታውስም። እትዬ አስካለ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ «ወንድሜ፣ ወንድሜ በል፣ አውጣው» ትለኝ ነበር። በእናቴ ቋንቋ አለቀስኩ፤ በዐረብኛ አልመጣልኝም። ለወንድሜ ከፊት ረድፍ፣ ለዘመድ በሚሰጠው ቦታ ቆሜ ነበር። ቆሜም የጀነሬተር ነዳጅ አስቤ ነበር።

ረፋድ ላይ የእድሩ ድንኳን «ሁለቱ ወንድማማቾች» ከሚለው ሰሌዳ ሥር ተተከለ። በዚያ ዕለት የኦቦ ቱፋ ልጅ መልስ ነበር፤ እኛም ልናጫውት ቀጠሮ ነበረን። እኩለ ቀን ላይ ኦቦ ቱፋ ራሳቸው በፒካፕ መጡ። ነገሩን የሰሙት ሰርጉ ካበቃ በኋላ ነው። መልሱን ያለ ዘፈን እንዲሆን አድርገው፣ ለሙስሊም እንግዶች ተለይቶ የተዘጋጀውን ምግብ በሙሉ አስጭነው ነው የመጡት። ሙሽሮቹንም ይዘዋቸዋል፤ ሙሽራዋ የእጇን ሂና ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ተቀመጠች። ኦቦ ቱፋ ሦስቱንም ቀን እየመጡ አንድ ጥግ ላይ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጥኩ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ድንኳኑ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ደግ ሰዎች ናቸው ብዬ ብዘጋው ቀላል ነበር። ግን ለብዙ ሳምንት ከጋሽ በየነ ጋር አልተነጋገርኩም። የተጠራጠርኩትንም አልጸጸትበትም፤ በሰው ስም የሚኖር ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ያ ቪድዮ ስልኬ ላይ አለ፤ ከፍቼው አላውቅም። ዛሬም አንድ ጭረት ነው። አንዳንድ ቀን፣ ያን ዕለት ያን ዘፈን እንደዚያ የተጫወትኩት ባለማወቄ ነው፣ ቢነግሩኝ ኖሮ ለወንድሜ ደስ እያለኝ የምጫወትበት ቀን አይኖረኝም ነበር እላለሁ። በሌላው ቀን ደግሞ ሳቄን አስታውስና ደሜ ይፈላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አላስታረቅኳቸውም። ከጋሽ በየነ ጋር ያስታረቀን ስልኩ ነው። አንድ ጠዋት ጠራ፤ እሳቸው ግን «ሁለቱ ወንድማማቾች» የሚለውን ማለት አቅቷቸው ስልኩን ይዘው ሲቆሙ አየሁ። ይበሉት እንጂ፣ ጋሽ በየነ፣ አልኳቸው። አሉት።

አሁን የምነግራችሁ የባለፈውን ክረምት ነው። የምናሴ አባት ወሊሶ ላይ ማታ ዐረፉ። ዘመዶቹ ለጋሽ በየነ ደወሉ፤ ጋሽ በየነ ለኔ ነገሩኝ። ሊነጋ ሲል ጀሞ ለመርዶ እንሄዳለን፣ አንተም አለቃው ነህና ትመጣለህ አሉኝ። አሁኑኑ ይነገረው፣ አንድ ሰዓት እንኳን አይደበቅ አልኩ። ጮህኩም። ሲነጋ ነው አሉ። ማልጄ ሄድኩ፤ ሳልዋሽ፣ ሳላሽሞነሙን፣ መጀመሪያ የምነግረው እኔ ነኝ ብዬ።

የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ በጭለማ ወጣን። ጋሽ በየነ፣ ሱሩር፣ የምናሴ አጎቶች፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች። በሩ ጋ ስንደርስ ከውስጥ ድምፅ ሰማን። ምናሴ ነቅቷል። ፊቱን እየታጠበ ይሆናል፣ ውሃ ይፈሳል። በአፉ እያፏጨ፣ በጣቶቹ የሆነ ነገር፣ ባልዲ ይመስለኛል፣ ይመታል። አዲስ ምት እየሞከረ ነበር። አንድ ቦታ ይሳሳታል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጀምራል።

ጋሽ በየነ ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሱ። እኔ ነኝ እጃቸውን የያዝኩት።

«ይቆዩ» አልኳቸው በሹክሹክታ። «ትንሽ ብቻ። ይጨርስ።»

ሁላችንም ደረጃው ላይ ቆመን ጠበቅነው።